ራጅ፣ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን በጤና መድን፦ ከጎጃም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አባሉ መዋጮውን ከፍሎ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። ሐኪሙ ራጅ ያዝዛል፣ ራዲዮግራፈሩ ያነሳል፣ ራዲዮሎጂስቱ ያነባል። ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ሆስፒታሉ ሒሳቡን ለወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ይልካል። ከእነዚህ እጆች አንዱ ወረቀቱን ካጎደለ ሥራው ተሠርቶ ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች ግማሾቹ የታካሚ፣ ግማሾቹ የሐኪም፣ የራዲዮሎጂ ክፍልና የሒሳብ ክፍል ናቸው። አንዱ የሌላውን ቢያነብ አይጎዳም፤ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚነሳው አንዱ የሌላውን ሥራ ካለማወቅ ነው።

ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ራጅና አልትራሳውንድ ይሸፍናል?

ይሸፍናል። ካርድ፣ ምርመራ፣ ላብራቶሪ፣ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ መድኃኒት፣ አልጋና ቀዶ ሕክምና በጥቅሉ ውስጥ ናቸው። ሁለት ነገር ግን መሟላት አለበት፤ ምርመራውን ያዘዘው ሕመሙን የሚያክመው ባለሙያ መሆን አለበት፣ የሚሠራውም ከመድኑ ጋር ውል ባለው ተቋም ነው። «ለማንኛውም ሆዴን ልታይ» ተብሎ ያለ ትእዛዝ የሚነሳ አልትራሳውንድ አይሸፈንም።

ለጎጃም ነገሩ አዲስ አይደለም። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር። ከአማራ ክልል ፎገራና ተሁለደሬም አብረው ነበሩበት።

ያነበበው ሐኪም በምስል ልክ ከመድኑ ይከፈለዋል?

አይከፈለውም። ብዙ ሰው፣ አዲስ የተመደቡ ሐኪሞችም ጭምር፣ እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። መድኑ ውል የሚገባው ከጤና ተቋሙ ጋር ነው፤ የሚከፍለውም ለተቋሙ ነው። አንድ የሆድ አልትራሳውንድ በሆስፒታሉ የክፍያ ተመን ላይ አንድ ዋጋ አለው። ያ ዋጋ ማሽኑን፣ ጄሉን፣ ወረቀቱን፣ የባለሙያውን ጊዜና ንባቡን ባንድ ላይ ይይዛል። «የማንሻ» እና «የማንበቢያ» ተብሎ ለሁለት አይከፈልም።

ገንዘቡ ሲገባ የሆስፒታሉ የውስጥ ገቢ ይሆናል። የሚውለውም በሥራ አመራር ቦርድ በጸደቀ ዕቅድ ነው፤ በብዛት ለመድኃኒት፣ ለላብራቶሪ ኬሚካል፣ ለራጅ ፊልምና ለማሽን ጥገና።

ራዲዮሎጂስቱ የሚያገኘው እንግዲህ ከመንግሥት በጀት ደመወዙን፣ ካደረ የዲዩቲ ክፍያውን፣ ሆስፒታሉ የግል ክንፍ ካለው ደግሞ በትርፍ ሰዓት ከሠራው ላይ ቦርዱ በወሰነው መቶኛ ድርሻውን ነው። የግል ክንፍ ታካሚ ከኪሱ ይከፍላል፤ የመድን አባልን በዚያ መስኮት አሳልፎ ሒሳቡን ወደ መድኑ ማዞር አይቻልም። የወረዳው መድን ኦዲተር ቶሎ የሚያገኘው ስሕተትም ይኸው ነው፤ በመዝገቡ ላይ የምርመራው ሰዓት 12፡40 ማታ፣ ጥያቄው ላይ ግን መደበኛ ተመላላሽ ሆኖ ይገኛል።

«ካልተከፈለኝ ወረቀቱ ምን አገባኝ?» የሚል ራዲዮሎጂስት ቢኖር መልሱ ቀላል ነው፤ ለክፍሉ ፊልም የሚገዛው፣ ፕሮቡ (ሰውነት ላይ የሚደረገው የአልትራሳውንድ መሣሪያ) ሲበላሽ የሚቀየረው በዚሁ ገንዘብ ነው።

ሪፈር ሳልይዝ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል ብሄድስ?

መንገዱ ከጤና ጣቢያ ይጀምራል። ጤና ጣቢያው ካቅሙ በላይ ሲሆን ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይልካል፤ ለምሳሌ ቢቸና፣ ሉማሜ፣ ደጀን፣ ዱርቤቴ። ቀጥሎ እንደ ፍኖተ ሰላምና ሞጣ ያሉ አጠቃላይ ሆስፒታሎች አሉ። በመጨረሻ ደብረ ማርቆስ፣ ወይም ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን። ይህን ሰንሰለት ዘሎ የመጣ አባል ከኪሱ እንዲከፍል ይደረጋል።

ሰዎች ደረጃውን የሚዘሉት ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም። ጤና ጣቢያው ራጅ የለውም፤ «እዛው ሄጄ መላኬ ካልቀረ ለምን ቀን አቃጥላለሁ» ይላሉ። ስሌቱ ግን አያዋጣም። ጤና ጣቢያ ላይ የሚባክነው ግማሽ ቀን ነው፤ ሪፈር ባለመያዝ የሚከፈለው ግን የካርዱም፣ የላብራቶሪውም፣ የምስሉም፣ የመድኃኒቱም ዋጋ ነው።

የሪፈር ወረቀቱን ከመኪና ከመሳፈርዎ በፊት እዚያው ቆመው ይዩት። ስም ከነአያት፣ የመድን መታወቂያ ቁጥር፣ ቀን፣ የተላከበት ምክንያት፣ የላከው ባለሙያ ስምና ፊርማ፣ ክብ ማኅተም። ማኅተም የሌለው ሪፈር ከደብረ ማርቆስ ወደ ቢቸና መልሶ የሚያስኬድ ወረቀት ነው፤ የትራንስፖርቱን ደግሞ መድኑ አይከፍልም።

ድንገተኛ ከሆነስ?

ድንገተኛ ሪፈር አይጠብቅም። ሰውየው ይታከማል፣ ወረቀቱ ይከተላል። ቤተሰብ መታወቂያውን ባስቸኳይ ማምጣትና ሐኪሙም «ድንገተኛ» ብሎ ካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። ቃሉ ካልተጻፈ ከሦስት ወር በኋላ ወረቀቱን የሚያገላብጠው ሰው «ሪፈር የለውም» ብሎ ይጥለዋል።

የመኪና አደጋ ሲሆን የሦስተኛ ወገን መድን ጉዳይ ስለሚነሳ የትራፊክ ፖሊስ ማስረጃ አብሮ ይጠየቃል። ያን ለብቻው ያስይዙ።

ራጅ ክፍል ከመሄዴ በፊት ምን ልያዝ?

የታደሰ የመድን መታወቂያ፣ ሪፈሩን ዋናውን ከአንድ ቅጂ ጋር፣ የሐኪሙን መጠየቂያ ወረቀትና ቀድሞ የተነሳ ፊልም ካለ እሱን። መጀመሪያ በመድን መስኮት ያልፋሉ፣ እዚያ መጠየቂያው ላይ ማኅተም ይመታል፤ ከዚያ ወደ ራጅ ክፍል። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይሰለፋል።

ለሐሞት ከረጢት ወይም ለላይኛው ሆድ አልትራሳውንድ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ሳይበሉ ይምጡ፤ ጠዋት ቡና በቁርስ ከጠጡ የሐሞት ከረጢቱ ይጨማደድና ጠጠሩ በደንብ አይታይም። ለማሕፀን ወይም ለፊኛ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ጠጥተው ሳይሸኑ ይቆያሉ። ይህን ያልሰማ ታካሚ ለነገ ይቀጠራል፤ ነገ ደግሞ የገበያ ቀን ይሆናል።

መታወቂያዬ አልታደሰም፤ ቀጠሮዬ ግን ደርሷል።

መድኑ የሚያየው ምርመራው የተሠራበትን ቀን ነው። የታዘዘበትን ወይም ቀጠሮ የተያዘበትን አያይም። የሲቲ ስካን ቀጠሮ ሳምንታት ሊርቅ ስለሚችል፣ ቀጠሮ ሲይዙ መታወቂያው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን አብረው ያስተያዩ። ቀጠሮው ከዚያ ካለፈ አስቀድሞ ማደስ ነው። መዋጮ የሚሰበሰበው በአብዛኛው ጤፉ ተወቅቶ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ሲኖር ነው፤ ያን ጊዜ ያለፈው ሰው ሰኔ ላይ ሲታመም ይቸገራል።

ሌላው ተደጋጋሚ ጣጣ የልጅ ዕድሜ ነው። 18 ዓመት የሞላው ልጅ በወላጆቹ መደበኛ መዋጮ አይሸፈንም፤ እቤት ቢኖርም ተጨማሪ ተከፍሎለት መመዝገብ አለበት። ዕድሜው ካርድ ክፍል 17፣ ራጅ ክፍል 19 ተብሎ የተጻፈ ልጅ ሒሳቡ ያለ ጥርጥር ይቆረጣል።

(ለሐኪሞች) መጠየቂያው ላይ ምን ይጻፍ?

«ደረት ራጅ» ብቻ ተጽፎ የሚመጣ ወረቀት ለራዲዮሎጂስቱም ለኦዲተሩም ምንም አይናገርም። ይህን ይመልከቱ፦

«ወ፣ 46 ዓመት። 3 ሳምንት ሳል፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ። በቀኝ ላይኛው ሳንባ ድምፅ ቀንሷል። ጥያቄ፦ ቲቢ? ፈሳሽ? የደረት ራጅ፣ ከፊት፣ ቆሞ።»

ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ራዲዮሎጂስቱ የት እንደሚያተኩር ያውቃል፣ ኦዲተሩም ምርመራው ለምን እንዳስፈለገ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። ጎኑን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ «ግራ እግር» ታዝዞ ቀኝ እግር ሲነሳ ሁለተኛውን ምስል ማንም አይከፍልም፣ ታካሚውም ያለ ጥቅም ጨረር ወስዷል።

ሌላ ሰው መጠየቂያ ላይ ማስፈረም፣ በተማሪ ፊርማ ብቻ መላክ፣ ቲተር (የባለሙያው ስም ያለበት ማኅተም) ሳይመቱ መተው። ሦስቱም ተራ ይመስላሉ፤ ሦስቱም ገንዘብ ያስቆርጣሉ።

ራጁ ተነሥቶ ሪፖርት ካልተጻፈ ይከፈላል?

መድን የሚከፍለው ለምስል ሳይሆን ለተጠናቀቀ ምርመራ ነው። ፊልም ብቻ የያዘ ካርድ የምርመራው ግማሽ ነው።

እርግጥ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ራዲዮሎጂስት ላይኖር ይችላል። ያኔ ምስሉን ጠቅላላ ሐኪሙ ወይም የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ያነባል። ይህ ችግር የለውም። ችግሩ ያነበበው ሰው ንባቡን በልቡ ይዞ መድኃኒት ብቻ መጻፉ ነው። ሁለት መስመር በካርዱ ላይ፦ «የቀኝ ክንድ ራጅ፦ የራዲየስ አጥንት የታችኛው ጫፍ ተሰብሯል፣ መጠነኛ መዛነፍ አለው»፣ ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። ይበቃል።

ራዲዮሎጂስት ባለበት ግን ሙሉ ሪፖርት ይጠበቃል። የሚይዘውም የታካሚ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ የምርመራው ዓይነትና ቀን፣ የቀረበው የሕክምና ጥያቄ፣ ምርመራው እንዴት እንደተሠራ (ምስሉን ለማጉላት በሚወጋ የንፅፅር መድኃኒት ወይስ ያለ)፣ የታየው፣ ማጠቃለያው፣ ከዚያ ስም፣ ፊርማና ቲተር ነው። ማጠቃለያው ላይ «ከክሊኒክ ጋር ይታይ» (ከታካሚው የሕመም ምልክት ጋር ይመሳከር) ብሎ ብቻ መዝጋት ልማድ ሆኗል። ጥያቄ ተጠይቆ መልስ አልተሰጠም ማለት ነው፤ ሐኪሙ ምርመራውን እንደገና ያዝዘዋል፣ ሁለተኛውን ደግሞ ወረዳው «በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመሳሳይ ምርመራ» ብሎ ያቆመዋል።

በስልክ ስለሚላከውም አንድ ነገር። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለራዲዮሎጂስት መላክ በየሆስፒታሉ የተለመደ ነው። ለአስቸኳይ ምክር ይጠቅማል፤ ለሪፖርት ግን አይሆንም። የመስኮቱ ፍሬም ጥላ የሳንባ ጥግ ላይ ሲያርፍ አየር ወይም ፈሳሽ ሊመስል ይችላል፣ ቀጭን የአጥንት ስንጥቅ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል።

ሆድና ዳሌ አንድ ምርመራ ነው ወይስ ሁለት?

በሆስፒታሉ የጸደቀ ተመን ላይ እንዴት እንደተጻፈ ነው የሚወስነው። «የሆድና የዳሌ አልትራሳውንድ» ተብሎ ባንድ ዋጋ ከተቀመጠ አንድ ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ማስከፈል አይቻልም። ተለይተው ከተቀመጡ ደግሞ ሁለቱም መታዘዝና ሁለቱም ሪፖርት ላይ መታየት አለባቸው። ትእዛዙ «ሆድ» ብቻ ሆኖ ባለሙያው በደግነት ወርዶ ማሕፀንንም ቢያይ መልካም አደረገ፤ የሚከፈለው ግን የአንዱ ነው።

የራጅ አቅጣጫም እንደዚሁ። ከፊትና ከጎን የተነሣ ጉልበት በብዙ ተመን ላይ አንድ ምርመራ ነው፣ ሁለት ፊልም ቢፈጅም።

ራጁ ተበላሽቶ ቢደገም ማን ይከፍላል?

ሆስፒታሉ ራሱ ይሸከማል። ታካሚው ስለተንቀሳቀሰ፣ ትንፋሹን በደንብ ስላልሳበ፣ ጨረሩ ስለበዛ ወይም ስላነሰ፣ ሐብል ሳያወልቅ ስለተነሣ የሚደገም ምስል ለመድኑ አይጠየቅም። የተደገመውን በመዝገብ መያዝ ግን ለክፍሉ ይጠቅማል። በወር ውስጥ ደረት ራጅ ብቻ ተለይቶ የሚደገም ከሆነ መንስኤው ማሽኑ አይደለም፤ «በረዥሙ ይሳቡ፣ ይያዙ» የሚለው ትእዛዝ ለታካሚው እየደረሰው አይደለም። አዛውንቶችን አንድ ጊዜ ሳያነሱ ማለማመድ፣ «አባ፣ አየሩን ሳብ አድርገው ያዝ ያድርጉት፣ እንዳይተነፍሱ» ብሎ ደረታቸው ሲነሳ ማየት፣ ከዚያ መጫን። ፊልም የሚቆጥበው ይህ ነው።

የነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ለምን ከመድኑ ተመለሰ?

የእርግዝና ክትትልና ወሊድ፣ ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የቲቢ ሕክምና ለሁሉም በነፃ እንዲሰጡ ከተወሰኑት አገልግሎቶች ውስጥ ናቸው። ነፃ የሆነ አገልግሎት ለመድኑ ሒሳብ ሆኖ አይላክም፤ ከሁለት ወገን መጠየቅ ይሆናል። የክትትል አልትራሳውንድ በዚህ ይመለሳል። ያቺው ነፍሰ ጡር በሐሞት ጠጠር ወይም በኩላሊት ታማ የሆድ አልትራሳውንድ ቢታዘዝላት ግን የሕመም ምርመራ ነው፣ ይጠየቃል። ልዩነቱን የሚያሳየው መጠየቂያው ላይ የተጻፈው ምክንያት ብቻ ስለሆነ ሐኪሙ «እርጉዝ፣ 28 ሳምንት» ብሎ ብቻ አይተወው።

ቲቢም ላይ እንዲሁ ይምታታል። አክታ ምርመራውና መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ ደረት ራጁ ግን ክፍያ ባለበት ሆስፒታል በመድን ይሸፈናል።

(ለሒሳብና ለመድን ክፍል) የክፍያ ጥያቄው እንዴት ይዘጋጅ?

የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሩብ ዓመቶቹ የሚዘጉት መስከረም 30፣ ታኅሣሥ 30፣ መጋቢት 30 እና ሰኔ 30 ነው። ጥያቄው ግን ያን ቀን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ ያን ቀን የሚጀምር ክፍል ሁልጊዜ ይቆረጥበታል።

በየቀኑ ማታ ሦስት መዝገቦች ጎን ለጎን ይከፈቱ፤ የመድን መስኮቱ፣ የራጅ ክፍሉና የሪፖርት መዝገቡ። የሦስቱ ቁጥር እኩል መሆን አለበት። በመድን መስኮት 14 ታካሚ ተመዝግቦ፣ ራጅ ክፍል 13፣ ሪፖርት 11 ከሆነ ሦስት ሰዎችን ዛሬውኑ መፈለግ ነው። አንዱ ማኅተም ተመትቶለት ሳይነሣ ወደ ቤቱ ሄዷል፣ እሱ ይሰረዛል። የሁለቱ ፊልም ሳይነበብ የቀረ ነው፣ ነገ ጠዋት ለሐኪሙ ይቀርባል። በሦስተኛው ወር ላይ ቢፈለጉ አይገኙም።

በየታካሚው አንድ ጥቅል ይኑር፦ የሪፈር ቅጂ፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ መጠየቂያው፣ የሪፖርት ቅጂ፣ የተሰጠው አገልግሎት ከነዋጋው፣ ታካሚው አገልግሎቱን ማግኘቱን የፈረመበት ወይም ጣቱን ያተመበት ቅጽ። ጥቅሎቹ በወረዳ ይለያሉ፤ የማቻከሉ ከማቻከል፣ የእነማዩ ከእነማይ ጋር። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት የከተማና የወረዳ ስም መደባለቅ ነው። ደምበጫ ከተማ አስተዳደርና ደምበጫ ዙሪያ ወረዳ ሁለት ናቸው፤ መታወቂያውን የሰጠው ማን እንደሆነ ከማኅተሙ ይታያል፣ ከታካሚው አፍ አይደለም። ሰው «ከየት መጡ?» ሲሉት ገበያውን ይነግርዎታል።

በስተመጨረሻ የዋጋው ድምር። ለምሳሌ ያህል ተመኑ ላይ ደረት ራጅ 200 ብር፣ የሆድ አልትራሳውንድ 300 ብር ቢሆንና በሩብ ዓመቱ ለአንድ ወረዳ 40 ራጅና 25 አልትራሳውንድ ቢሠራ 8,000 እና 7,500፣ ጠቅላላ 15,500 ብር ነው። የማጠቃለያው ድምርና የየጥቅሉ ድምር በአንድ ብር እንኳ ቢለያይ ጥያቄው ሙሉውን ይመለሳል። አዲስ ተመን በሩብ ዓመቱ መካከል ከጸደቀ ደግሞ ወረዳው እንዲያውቀው ተደርጎ ውሉ ሳይስተካከል በአዲሱ ዋጋ መጠየቅ አያዋጣም፤ ልዩነቱ ይቆረጣል።

ወረዳው ላይ ማን ነው የሚያየው፣ ምንስ ነው የሚቆርጠው?

ከወረዳው መድን ጽሕፈት ቤት ሁለት ዓይነት ሰው ያየዋል። የሒሳብ ባለሙያው ድምርና ተመን ያመሳክራል፤ የጤና ባለሙያ የሆነው ኦዲተር ደግሞ ሕክምናው ከሕመሙ ጋር ይሄድ እንደሆነ ያያል። ሁሉንም ጥቅል ላያነብ ይችላል፤ የተወሰነ ናሙና አውጥቶ ያገላብጣል። ናሙናው ውስጥ ስሕተት ከበዛ ግን ሌላውንም ይዘረግፈዋል።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ላየው ሰው፣ ኦዲተሩ መጀመሪያ የሚያነበው የምርመራ ውጤቱን አይደለም። ቀኖቹን ነው። የሪፈሩ ቀን፣ የካርዱ ቀን፣ የመጠየቂያው ቀን፣ የሪፖርቱ ቀን በቅደም ተከተል ይሄዱ እንደሆነ በጣቱ ይከተላል። ሪፈሩ ጥር 14፣ ራጁ ጥር 11 ከሆነ ወረቀቱ ኋላ የተሠራ ነው ብሎ ወደ ጎን ያኖረዋል። ቀጥሎ ስም፤ «ይታይሽ» እና «ይታየው» በሁለት ሆሄ ብቻ ቢለያዩም ሁለት ሰው ናቸው። ሦስተኛ ፊርማ፤ የሐኪሙና የታካሚው ፊርማ ባንድ እስክሪብቶና ባንድ እጅ የተጣለ ሲመስል። ሕክምናው ላይ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው፤ እዚያም የሚጠይቀው ለጨጓራ ሕመም ለምን የወገብ ራጅ ታዘዘ የሚል ነው። መልሱ ካርዱ ላይ ካለ ያልፋል።

የተቆረጠ ሁሉ የጠፋ አይደለም። ወረዳው የቆረጠበትን ምክንያት በዝርዝር በጽሑፍ ይሰጣል፣ ሆስፒታሉም ማስረጃውን አሟልቶ መልሶ ያቀርባል። የሪፖርት ቅጂ ጎድሎ ከሆነ ከመዝገቡ ገልብጦ፣ «ቅጂ» ብሎ ማኅተም መትቶ መላክ ይቻላል። አዲስ ሪፖርት ጽፎ የድሮ ቀን መስጠት ግን ማጭበርበር ነው፤ ይህን ሐኪም አይፈርም፣ ማንም አያስፈርመው።

ወረዳው ሒሳቡን ቢያዘገይ የመድን ታካሚ መመለስ ይቻላል?

አይቻልም፤ ውሉ እስካለ ድረስ አባሉ ይስተናገዳል። መዋጮውን የከፈለው አስቀድሞ ነው፤ የሁለት መሥሪያ ቤት ሒሳብ የእሱ ዕዳ አይደለም። መዘግየቱ ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ መንገድ ሲዘጋ ወይም ባንክ ሲቋረጥ ይብሳል። ፊልም ያለቀበት ሆስፒታል ምስሉን በኮምፒውተር አንብቦ ሪፖርቱን ብቻ አትሞ ይሰጣል፤ ዲጂታል ማሽን ላለው ይህ ጥሩ መላ ነው፣ ምርመራውም ሙሉ ሆኖ ይከፈላል።

«ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በግል ተነሡ» ተባልኩ። ገንዘቤ ይመለሳል?

የወረዳዎ መድን እንዲህ ያለውን ወጪ የሚመልስ ከሆነ ብቻ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ወረዳውን ወይም የሆስፒታሉን የመድን መስኮት ይጠይቁ። የሚመልስ ከሆነ ሦስት ወረቀት ያስፈልጋል፦ መጠየቂያው ላይ «አገልግሎቱ የለም» ተብሎ የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት፣ የግል ተቋሙ ሕጋዊ ደረሰኝ በታካሚው ስም፣ የሪፖርቱ ቅጂ። በተራ ወረቀት ላይ የተጻፈ «ተቀብያለሁ» ደረሰኝ አይደለም። በቃል ተልከው ሄደው የሚመለሱ ብዙዎች የሚሰናከሉት በመጀመሪያዋ ወረቀት ነው፤ ማኅተሙን ለማስመታት ከግል ክሊኒኩ ከተመለሱ በኋላ መሄድ አያዋጣም።

ለሲቲ ስካን የሚወጋው የንፅፅር መድኃኒት አብሮ ይሸፈናል?

ሆስፒታሉ ውስጥ ካለና በተመኑ ከተካተተ አዎ። ለአዋቂ በአብዛኛው ከ80 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይወጋል። ከዚያ በፊት የኩላሊት ምርመራ፣ ክሪአቲኒን፣ ያስፈልጋል፤ ውጤቱን ሳይዝ የመጣ ታካሚ ከጠረጴዛው ላይ ይወርዳል። የስኳር መድኃኒት ሜትፎርሚን የሚወስድ፣ አስም ያለበት ወይም ቀድሞ በዚህ መድኃኒት ያሳከከው ሰው ሳይጠየቅ ይናገር።

መድኑ የማይከፍላቸው ምስሎች የትኞቹ ናቸው?

ለፍርድ ቤት የዕድሜ ማረጋገጫ የሚነሣ የእጅ ራጅ፣ ለውጭ አገር ሥራ የሚጠየቅ የደረት ራጅ፣ ለመንጃ ፈቃድ ወይም ለቅጥር የሚደረግ የጤና ምርመራ። ሕመም ስለሌለ ሕክምና አይደሉም። ከምስል ውጭ ደግሞ መነጽር፣ የውበት ቀዶ ሕክምናና የውጭ አገር ሕክምና አይሸፈኑም።

እኔ መምህር ነኝ፤ ለምን አልመዘገብም?

ይህ መድን ለገበሬውና መደበኛ ቅጥር ለሌለው የከተማ ነዋሪ የተዘጋጀ ነው። ለደመወዝተኛው የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን ሲሆን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጥቶ አፈጻጸሙ ለብዙ ዓመታት ሲንከባለል ቆይቷል።

ደብረ ማርቆስ የተነሣሁት ሲቲ ባሕር ዳር ይደገምብኛል?

መደገም የለበትም፤ ምስሉ በእጅዎ ካለ። ችግሩ ሰው ሪፖርቱን ብቻ ይዞ ይሄዳል፤ ቀዶ ሐኪሙ ደግሞ ምስሉን በዓይኑ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ ከራጅ ክፍል ሲወጡ ሲዲውን ወይም ፊልሙን ከሪፖርቱ ጋር ይጠይቁ፤ ሲዲው በሌላ ኮምፒውተር መከፈቱን እዚያው ያስሞክሩ። አንድ የሆድ ሲቲ ከ8 እስከ 10 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) አካባቢ ጨረር አለው፤ ሰው በተፈጥሮ በዓመት በአማካይ ከሚያገኘው 2.4 ሚሊሲቨርት ሦስትና አራት እጥፍ ነው። ያለ ምክንያት የሚደገም ነገር አይደለም። ፊልሙን አጥፈው ኪስ ውስጥ አይክተቱ፣ እሳት ያለበት ግድግዳ ላይም አይስቀሉት፤ ሙቀት ያጠቁረዋል። በካርቶን መሐል አድርገው ሣጥን ውስጥ ያኑሩት፣ ለሚቀጥለው ቀጠሮ ያንኑ ይዘው ይምጡ።